ሁለት የጀሶ እጆች

«ጻፊው በቃ! ስድስት መቶ ሰባ ምናምን ዓመት ብለሽ ጻፊው!» አለች ሎሚ፣ ማርከሩን በእድላዊት አፍንጫ ሥር እያወዛወዘች።

እድላዊት አልጻፈችም። የክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመውን ዕቃ ገልብጣ ጀርባውን አየችው። የሒሳብ መጽሐፋቸውን የሚያህል የጀሶ ቁራጭ ነው። ፊቱ ላይ ሁለት እጆች ወጣ ብለው ይታያሉ፤ አንደኛው ሌላኛውን ይዞ ይመራል። ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ የፋርስ ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ ሥር አራት አኃዞች፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ጀሶው ሳይደርቅ የተጫነ የአውራ ጣት አሻራ። ጽሑፉን የሎሚ ስልክ ሊያነበው አልቻለም። አኃዞቹን ግን አንብቧቸዋል፤ 1348 ነው የሚለው።

«ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ እርሳሱ አልጠፋም?»

«ኤዲ፣ ሙድ አትያዢብኝ። ቁጥር ቁጥር ነው።»

«በማን አቆጣጠር?»

«በማን ይሆናል? በሰው ነዋ!»

እንግዲህ ይህን የምትለው፣ አባቷ የተወለደበትን ዓመት ሲጠየቅ «በአገር ቤት ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብሎ መልሶ የሚጠይቅ ልጅ ናት። ከክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ቀድመው መጠርጠር የነበረባቸው እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። ሎሚ ግን ቸኩላለች፤ ቅዳሜ ውድድር ነው።

ውድድሩ የታሪክ ፕሮጀክት ውድድር ነው። ከየትምህርት ቤቱ የተመረጡ ልጆች ቦርዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ዳኞች እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ ያለፈው ወደ ስቴት፣ ማለትም ወደ ክፍለ ግዛቱ ውድድር ይሄዳል። አምና እድላዊትና ሎሚ ከራሳቸው ትምህርት ቤት እንኳ አላለፉም። መምህራቸው ቀስ አድርጎ ነበር የነገራቸው፤ ቀስ ተብሎም ቢነገር ያማል። «ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም ከኢንተርኔት የተለቀመ ነው። የራሳችሁ የምትሉት የቱ ነው?» አላቸው። ሎሚ ያን ቀን ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ወጥታ «አለርጂ ነው» ብላለች። እድላዊት ያንን አለርጂ አልረሳችውም።

ዘንድሮ የመረጡት የጥንቱን ፋርስ ነው። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት ንጉሥ ዳርዮስ ፐርሴፖሊስ የሚባለውን ከተማ ማሠራት ጀመረ። እዚያ የትልቁ አዳራሽ መወጣጫ ግድግዳ ላይ ሃያ ሦስት ሕዝቦች ስጦታ ይዘው ተሰልፈው ተቀርጸዋል። አንዱ ግመል ይስባል፣ አንዱ ጨርቅ ታቅፏል፣ አንዱ ጽዋ ይዟል። እያንዳንዱን ቡድን አንድ አስተናጋጅ የመሪውን እጅ ይዞ ያስገባል። እድላዊት ነገሩን የወደደችው ለዚህ ነው፤ የሌሎች የጥንት ነገሥታት ግድግዳ ላይ ያየችው ባብዛኛው ሰው ሲረገጥና ሲታሰር ነው። በሰልፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ የዝሆን ጥርስ ይዘው የመጡ ሰዎች አሉ፤ የታሪክ አጥኚዎች ኩሾች ወይም ኢትዮጵያውያን ይሏቸዋል። ሎሚ ይህን ያነበበች ቀን «የእኛ ሰዎች ናቸው! መጨረሻ መድረሳቸው አይገርምም፤ የእኛ ሰው መቼ በሰዓቱ ይመጣል!» ብላ ቤተ መጻሕፍቱን ሁሉ አስቃለች።

ጀሶውን ያገኙት ከጊቲ ኻኖም ነው። ኻኖም ማለት በፋርስ እንደ ወይዘሮ ነው። ጊቲ ኻኖም ከኢራን የመጡ ጡረተኛ ናቸው፤ ሚኒሶታ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ ውስጥ እነ እድላዊት በሚኖሩበት ሕንፃ፣ በዚያው በሦስተኛው ፎቅ ይኖራሉ። እድላዊት አንድ ቀን ከመኪና ማቆሚያው ዕቃ አግዛቸው ነው የተዋወቁት። ከሦስት ሳምንት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ልትጠይቃቸው ቤታቸው ገባች። ሻይ ቀረበ፣ ለውዝ ቀረበ፣ ብርቱካን ተልጦ ቀረበ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ጀሶ ስታይ አፏ አላስቻላትም።

«ውይ እንዴት ያምራል! ምንድን ነው?»

ጊቲ ኻኖም አውርደው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። አባታቸው ፐርሴፖሊስ ሲጠገን የጀሶ ሠራተኛ ነበሩ። ቅርጹን ከራሱ ከድንጋዩ ላይ ነው ያነሡት።

«ይሄኛው የአስተናጋጁ እጅ ነው» አሉ ጊቲ ኻኖም፣ በጣታቸው እያሳዩ። «ይሄኛው ደግሞ መጨረሻ ላይ ከቆሙት ከእናንተ ሰዎች የአንዱ ነው።» ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ። «እንግዲያውስ ያንቺ ነው። ውሰጂው።»

የእድላዊት እናት ዘመናይ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያስተማረቻት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ታላቅ ሰው ሲሰጥ እምቢ አይባልም። ብድግ ተብሎ፣ ጎንበስ ተብሎ፣ በሁለት እጅ ይቀበሉታል። እድላዊትም ብድግ አለች፣ ጎንበስ አለች፣ በሁለት እጇ ተቀበለች። ጊቲ ኻኖም አንዴ ወደ ባዶው መደርደሪያ አዩ። ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጧትና በሩ ድረስ ሸኟት።

መምህሩ ጀሶውን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ነበር ያየው። «ይህን ይዛችሁማ ወደ ስቴት ትሄዳላችሁ» አለ። ሎሚ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርዱን በሙሉ በጀሶው ዙሪያ ነው የሠራችው። መሃሉ ላይ ቦታውን በወርቃማ ወረቀት ከፍላለታለች፤ አሁን የቀራት መግለጫውን ማጻፍና ጀርባውን በማጣበቂያ መለጠፍ ነው።

«ዕድሜውን ነገ እንጽፈዋለን» አለች እድላዊት፣ ጀሶውን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች። «ማጣበቂያውንም ተይው። ጽሑፉን ይነቅለዋል።»

«ነገ፣ ነገ! አንቺና ነገ!» አለች ሎሚ። ማርከሩን ግን ከደነችው።

ያ ቀን ረቡዕ ነበር። እድላዊት ቤት እንደደረሰች የልብስ ቅርጫቱን ይዛ ምድር ቤት ወረደች። ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ሁለት ማሽን ሙሉ መጋረጃ አስገብታ ሦስተኛውን ትሞላለች።

«ይቅርታ፣ ሁሉንም ያዝኩብሽ» አለች ሴትየዋ። «የእናቴ ነው። አዲስ ዓመታችን ዓርብ ጠዋት ይገባል። ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ታጥቦ ካላለቀ እናቴ ዓመቱን በበሩ አታስገባውም።»

ስሟ ናስሪን ነው። የጊቲ ኻኖም ልጅ ናት፤ ለጽዳቱ ከምትኖርበት ከኢገን ከተማ ነው የመጣችው። እድላዊት ማን እንደሆነች ስትነግራት ፊቷ በራ።

«የታሪክ ፕሮጀክቷ! እናቴ ነግራኛለች።»

«በጣም ነው የረዱኝ» አለች እድላዊት። «የጀሶውን እጆችም ሰጥተውኛል። መምህራችን እንዴት እንደወደደው!»

ናስሪን መጋረጃውን እንደያዘች ቀረች።

«ለአንቺ ነው እንዴ የሰጠችው? መደርደሪያውን ስወለውል አጣሁትና ብጠይቃት ‹ለጥሩ ልጅ ሰጠሁት› ብቻ አለችኝ።» ትንሽ አሰበች። «ስንት ጊዜ አለችሽ?»

«ምኑን?»

«ውሰጂው ስትልሽ። ስንት ጊዜ ነው ያለችሽ?»

«አንዴ።»

ናስሪን ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም።

«እኛ ጋ አንድ ልማድ አለ፤ ታሮፍ ይባላል። እንግዳ የቤትሽን ዕቃ ካደነቀ ‹ያንተ ነው፣ ውሰደው› ይባላል። አለማለት ነውር ነው። እንግዳው ደግሞ አይ ይላል። እንደገና ውሰድ ይባላል፣ እንደገና አይ ይላል። እንዲህ ሦስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ከተባለ፣ ያኔ ከልብ ነው። ሱቅ እንኳ ስትገዢ ባለሱቁ ‹ለአንቺ ምንም አይደል፣ ውሰጂው› ይልሻል። ከፍለሽ ነው ታዲያ የምትወጪው።»

የእድላዊት ጆሮ ጋለ።

«እና... ሊሰጡኝ አልፈለጉም?»

«እንደሱ አላልኩም!» አለች ናስሪን ቶሎ ብላ። «እርሺው። ይህን እንደነገርኩሽ ብታውቅ ከእኔ ጋር ለአንድ ሳምንት አታወራም። ሰጥቻለሁ ካለች ሰጥታለች።»

እድላዊት ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ባልጠይቅ ይሻለኛል ብላ ነበር፤ ጠየቀች። «ጀርባው ላይ ምንድን ነው የሚለው?»

«‹ለጊቲዬ። ከሁሉም ሩቅ የመጡት እነዚህ ናቸው።› አያቴ ነው የጻፈው። ያኔ እናቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።»

«1348 ማለትስ?»

«በእኛ አቆጣጠር ነው። እዚህ አገር 1969 መሆኑ ነው።»

«አሻራውም የአያትሽ ነው?»

«የእሱ ነው። ሠርቶ ሲጨርስ አውራ ጣቱን ይጫንበታል። ፊርማው ያ ነበር።» ናስሪን የማሽኑን በር ዘጋችው። «አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ከፎቶው አጠገብ ታቆመዋለች። ከአገር ስትወጣ አንድ ሻንጣ ነው የያዘችው፤ ሌላ የእሱ ነገር የላትም። ዘንድሮ ፎቶው ብቻውን ይቆማል፣ ምን አለበት።»

ምን አለበት ያለችበት ድምፅ ብዙ እንዳለበት ያስታውቃል። እድላዊት ልብሱን ሳታጥብ ቅርጫቱን ይዛ ወጣች። አሳንሰሩ ውስጥ መስተዋቱን ላለማየት ጀርባዋን ሰጠችው። አፈረች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሰው ሁሉ እያሳየች ስትኩራራበት ነበር። የሰረቀችው ነገር የለም፤ የሰረቀች ግን መሰላት።

ማታ እናቷ ከኤርፖርት ሥራዋ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ እድላዊት ሁሉንም ነገረቻት። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ጀምራ፣ ሲጨንቃት ወደ አማርኛ ገባች። ዘመናይ እስከ መጨረሻው አላስጨረሰቻትም።

«ትመልሺያለሽ? ታላቅ ሰው የሰጠሽን? ማን አሳደጋት እንዲሉኝ ነው?»

«ማሚ፣ ከልባቸው አልሰጡኝም እያልኩሽ ነው።»

«በአፋቸው ሰጡሽ አይደል? እኔ ሰጥቼው ሰው ቢመልስልኝ ዓይኑን አላየውም! ስጦታዬን ናቀው ነው የምለው።»

እድላዊት አጠገቧ ተቀመጠች። «ባለፈው እሑድ ከቸርች ስንመጣ እትዬ ባየሽ ቤት ምሳ ሲያቀርቡ ምን አልሽ?»

«ምን አልኩ?»

«‹በልቼ ነው የመጣሁት› አልሽ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሽም ነበር።»

«እሱ ሌላ ነው!»

«ሁለተኛ ሲሉሽም ‹ወላዲቷን ጠግቤያለሁ› አልሽ።»

«ወላዲቷን አላልኩም፣ እኔ ጴንጤ ነኝ!» አለች ዘመናይ። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። አንድ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ሳቀች። «‹በሞቴ› እስክትለኝ ነበር እኮ የምጠብቀው። አንድ ጊዜ ብላ ብትተወው ኖሮ ሆዴ እየጮኸ ቤቴ እገባ ነበር።»

«አየሽ?»

«አየሁ።» ዘመናይ ጫማውን አስቀመጠችው። «የአባታቸው አሻራ አለበት ነው ያልሽኝ?» አለች።

«አዎ።»

«ኤዲያ! ታዲያ መቼም አንቺ ነሽ የተቀበልሽው፣ አንቺው ታውቂያለሽ። ብትመልሺውም ግን አይወስዱልሽም። እኔ ብሆን አልወስድም። ባዶ እጅሽን ደግሞ እንዳትሄጂ።»

ለሎሚ በስልክ ስትነግራት ሎሚ ጮኸች።

«አትቀልጂ! ኤዲ፣ ነገ ሐሙስ ነው! ከነገ ወዲያ ደግሞ ቅዳሜ ሊሆን አንድ ቀን ነው የሚቀረው!»

«አውቃለሁ።»

«ቦርዱን አይተሽዋል? መሃሉ ላይ ምን ላስቀምጥ? ፊቴን?»

«ስለ ፐርሴፖሊስ ሌላ ነገር...»

«ቆይ፣ ስሚኝ። ሦስት ሳምንት እኛ ጋ የቆየ ነገር ነው። ሦስት ቀን ቢጨመርበት ምን ይሆናል? እሑድ ትመልሺላታለሽ፣ ይቅርታ ትያለሽ፣ አለቀ።»

«አዲስ ዓመታቸው ዓርብ ነው።»

«እሺ ነገ መልሺና ለቅዳሜ ብቻ አውሺኝ በያት።»

እድላዊት ይህን እሷም አስባው ነበር። በጣም ነበር ያሰበችው። ለዚህ ነው መልሱ አፏ ላይ የነበረው። «ከጠየቅኳቸው እምቢ ማለት አይችሉም። እነሱ ጋ አይባልም።»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ!»

«ሎሚ።»

«እሺ፣ ጥሩ አይደለም። ግን እጁ የእኛ ሰው እጅ ነው እኮ! ራሷ ናት የእናንተ ነው ያለችሽ።»

«እጁ የእኛ ይሁን። አሻራው የአባታቸው ነው።»

ሎሚ ትንፋሿን አወጣች። «አምና ምን እንዳለን ታስታውሻለሽ አይደል? የራሳችሁ የምትሉት የቱ ነው ያለን? እኔ ዘንድሮም እዚያ ሽንት ቤት ገብቼ...» አልጨረሰችውም። «የፈለግሽውን አድርጊ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሎሚ አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጣ አላናገረቻትም። እድላዊት ከትምህርት መልስ እናቷ ያዘጋጀችላትን የብርቱካን ከረጢት በአንድ እጇ፣ በጋዜጣው የተጠቀለለውን ጀሶ በሌላው ብብቷ ይዛ የጊቲ ኻኖምን በር አንኳኳች።

ቤቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ጨርቅ ተነጥፏል፤ በሳሕን ላይ የበቀለ ለምለም ስንዴ፣ ፖም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ መስተዋት ተደርድሯል። ጥግ ላይ ባርኔጣ ያደረገ፣ ፂሙ የተላጨ ሰውዬ በፎቶ ይስቃል። ጊቲ ኻኖም ብርቱካኑን ሲያዩ «ለምን ተቸገርሽ፣ ለምን ተቸገርሽ» አሉ።

እድላዊት መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ጠፋባት።

«እኔ... እኛ ጋ ታላቅ ሰው ሲሰጥ እምቢ አይባልም» አለች። «ስለዚህ ዝም ብዬ ተቀበልኩ። እናንተ ጋ መጀመሪያ አይ እንደሚባል አላውቅም ነበር። አሁን ነው ያወቅኩት። ስለዚህ የዚያን ቀን ያላልኩትን ዛሬ ልል ነው የመጣሁት። አይ፣ አልወስድም። አመሰግናለሁ።»

ጥቅሉን ከፍታ ጀሶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጊቲ ኻኖም ጀሶውን አላዩትም። እሷን ነው ያዩት።

«ናስሪን ናት አይደል? ያቺ አፏ የማያርፍ!»

እድላዊት ወደ ምንጣፉ አየች።

«ልጄ፣ ሰጥቼሻለሁ እኮ። ያንቺ ነው» አሉ ጊቲ ኻኖም፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

አንድ፣ አለች እድላዊት በልቧ። «አይ። የእርስዎ ነው።»

«እኔ አሮጊት ምን ያደርግልኛል? አቧራ ነው የሚጠጣው። አንቺ ገና ተማሪ ነሽ፣ ለትምህርትሽ ይሁንሽ።»

ሁለት። «አይ፣ ጊቲ ኻኖም። አመሰግናለሁ።»

ጊቲ ኻኖም ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጀሶውን ወደ ራሳቸው አስጠጉትና አገላበጡት። ጥጉ ጋ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው አባታቸው የተጫኑበት ጎድጓዳ ውስጥ ገባ። የእሳቸው ጣት ከአባታቸው ትንሽ ያንሳል፤ ያለ ችግር ገባ።

«ውድድርሽ ቅዳሜ ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ለቅዳሜ ብቻ ውሰጂው። ዛሬ ይዘሽው ሂጂ፣ እሑድ ትመልሺልኛለሽ። ምንም የለበትም።»

ይህን አልጠበቀችም። ለመጠየቅ ያፈረችበትን ራሳቸው አሉት! ሎሚ ፊቷ ላይ መጣችባት፤ ወርቃማው ወረቀት፣ የመምህሩ መነጽር፣ አምና ሽንት ቤት በር ላይ የቆመችበት ደቂቃ። እሺ ለማለት አፏን ከፈተች።

የጊቲ ኻኖም እጅ ግን ከጀሶው ላይ አልተነሣም። አፋቸው ውሰጂ ይላል፣ ፊታቸው ይስቃል፣ አውራ ጣታቸው እዚያው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ሊሰጥ የፈለገ ሰው እጁን ያነሣል። እድላዊት እጁ እስኪነሣ ጠበቀች። አልተነሣም።

«አይ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «እዚህ ይሁን።»

ሦስት ሆነ። አሁን ተራው የጊቲ ኻኖም ነው። እድላዊት ጠበቀች። አራተኛውን እንዲሉላት ፈለገች፤ እውነቱ ይህ ነው፣ በጣም ፈለገች። አራተኛው ከመጣ ከልብ ነው፣ አራተኛው ከመጣ ይዛው ትሮጣለች፣ አራተኛው ከመጣ ሎሚ ታናግራታለች።

ጊቲ ኻኖም ወደ ፎቶው አዩ። ከዚያ ጀሶውን አነሡና አጠገቡ አቆሙት። እንዳይንሸራተት ጨርቁን በመዳፋቸው አስተካከሉለት።

«ሻይ ትጠጫለሽ» አሉ።

«አይ፣ አመሰግና...»

«ይሄኛው ታሮፍ አይደለም፣ ተቀመጪ!»

ሳቁ፤ እድላዊትም ሳቀች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ሻዩን ጠጣች። ጊቲ ኻኖም ስለ አባታቸው ነገሯት፤ ማታ ማታ ጀሶ በፀጉራቸው ይዘው ሲገቡ እናታቸው ከበር ውጪ እንደምታራግፋቸው፣ ትንሿን ጊቲን የግድግዳው ሰልፍ ጋ ወስደው «ሩቅ የሚባለው ይሄ ነው» እያሉ መጨረሻዎቹን ሰዎች እንደሚያሳዩዋት። ጊቲ ኻኖም «እኔ ደግሞ ከዚያ ልጅነት እስከ ሚኒሶታ በረዶ ድረስ እሄዳለሁ ብዬ መች አሰብኩ» አሉ። ስለ ውድድሩ ዳግመኛ አላነሡም። እድላዊትም አላነሣችም።

ስትወጣ መተላለፊያው ላይ ስልኳን አየችው። ከሎሚ ምንም የለም። ግድግዳውን ተደግፋ ራሷ ደወለች። ሎሚ አነሣች፤ ግን ሄሎ አላለችም።

«መለስኩት» አለች እድላዊት።



«ስንት ጊዜ ውሰጂ አሉሽ?» አለች ሎሚ።

«ሦስት።»

«አራተኛውን ጠበቅሽ?»

«ጠበቅኩ።»

«እና?»

«ሻይ ቀዱልኝ።»

ከሎሚ ኋላ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ እናቷ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠርታ ትጠይቃታለች፣ አልመለሰችላትም።

«ያ ወርቃማ ወረቀት ሲነቀል ቦርዱን ይቀደዋል» አለች ሎሚ፣ አፍንጫዋን እየሳበች። «ከሥር እንደ አዲስ መለበድ አለብን። ነገ ከክፍል በኋላ ቤተ መጻሕፍት እንገናኝ።»

«አለርጂ ይዞሻል?»

«ዝም በይ። መቀስ አምጪ።»

እድላዊት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወልቅ የኩሽናውን መሳቢያ ከፈተች፣ መቀሱንም ፈልጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።